የማይጥለው «የሚጥል በሽታ» እና የሹፌር ኮከብ

እኔ ቀኑን ሙሉ ኮከብ ሲሰጠኝ የምውል ሰው ነኝ። ቪትዝ አለችኝ፤ ራይድ እሠራለሁ። ተሳፋሪው ሲወርድ ስልኩን ነካ ነካ ያደርጋል፣ እኔ ማታ ስንት እንደሰጠኝ አያለሁ። አንዱ «መኪናው ይሸታል» ብሎ 3 ኮከብ ሰጥቶኛል። የሸተተው እሱ ራሱ በፌስታል ይዞት የገባው ዓሣ ነበር።

ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ላለፉት 7 ወራት ከልጄ ጋር የዞርኩባቸውን ቦታዎች ልመዝን ነው። ክሊኒክ፣ ሆስፒታል፣ ኢኢጂ የሚባለው የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ማሽን፣ ፋርማሲ፣ የትምህርት ቤት ደብተር ሳይቀር። ስም አልጠራም፤ ያስከፋኝንም ያስደሰተኝንም። ያስከፋኝ ሰው ነገ ተሳፋሪዬ ሊሆን ይችላል።

ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት፣ እዚህም ሚጣ ትሁን። ጠዋት ከጀሞ ለቡ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ኋላ ወንበር ላይ ሆና ሰማያዊ ታክሲ ትቆጥራለች። ሚኒባስ አንድ፣ ላዳ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። ለምን ሲባል ላዳ እያለቀ ስለሆነ። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት።

አንድ ቀን «አስራ አንድ» ብላ ዝም አለች። በስፖኪዮ አየኋት። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን ምንም የሚያይ አይመስልም። ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል። አራት ሚኒባስ ተከታትሎ አለፈን። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ «አስራ ሁለት» አለች።

እንቅልፍ ያልጠገበች መሰለኝ። በማግስቱም ሆነ። በሳምንቱ ደግሞ ከኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ የቲቸሯን ጽሑፍ አነበብኩ። «ክፍል ውስጥ ትፈዛለች። በስሟ ስጠራት አትመልስም። እባክዎ ቤት ውስጥ ይምከሯት» ይላል። መከርናት። እኔማ ከምክርም አለፍኩ። ቴሌቪዥን ከለከልኩ፣ ታብሌቱን ቆለፍኩ፣ አንድ ቀን ሂሳብ ሳስጠናት መሀል ላይ ስትፈዝብኝ ጆሮዋን ቆነጠጥኳት። ያ ቁንጥጫ እስከ ዛሬ ጣቴ ላይ አለ።

ያወቅነው በጉርሻ ነው። እራት ላይ እናቷ አጎረሰቻት፣ ሚጣ አፏን አልከፈተችም። እጅ ተዘርግቶ ቀረ። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው። ከንፈሯ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ የሌለ ነገር የምታኝክ ይመስል። እናቷ «ሚጣ! ሚጣዬ!» አለች። ትከሻዋን ነካቻት። ምንም። ከዚያ ድንገት ተመለሰች፣ ጉርሻውን አየችና «ለእኔ ነው?» አለች። ከአስር ሴኮንድ አይበልጥም። ባለቤቴና እኔ ተያየን። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኛ ቤት የዚህ ነገር ስሙ «ሄደች» ሆነ። ሄደች፣ ተመለሰች።

አማቴ ምርመራውን በአንድ ደቂቃ ጨረሱት። «ዓይን ነው» አሉ። ክብሪት ጭረው ሊያሸቷት ሲሉ ሚጣ በሳቅ ፈረሰች። ለካ ክብሪቱ እስኪጫር ተመልሳለች።

አሁን ወደ ኮከቡ።

የመጀመሪያው ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ «ምን ሆነች?» አለ። «ትፈዛለች» አልኩ። «ትበላለች?» «ትበላለች።» «ትኩሳት?» «የለም።» ደም፣ ሽንትና ሰገራ ታዘዘ። የሆድ ትል ተገኘ፣ አልቤንዳዞልና የቫይታሚን ሽሮፕ ይዘን ወጣን። ትሉ እውነት ነበር፣ ለቀቃት። መሄዷ ግን እንዳለ ነው። 2 ኮከብ። አንዱ ለትሉ፣ አንዱ ለሽንት ቤቱ ንጽሕና።

ሁለተኛው ትልቅ ሆስፒታል ነው። እዚያ ሲቲ ስካን ታዘዘ። 5,200 ብር ከፈልኩ። ለእኔ የስንት ቀን ነዳጅ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ውጤቱ «ኖርማል» ነው። ባለቤቴ በደስታ አለቀሰች። እኔ ግን ሊፍቱ ውስጥ ሆነን ሚጣ ስትሄድ በመስታወቱ አየኋት። ወረቀቱ በእጄ ነው፣ ልጄ ፊት ለፊቴ የለችም።

ይህን ነገር በኋላ የገባኝ በመኪና ቋንቋ ነው። ሲቲ ስካን ማለት ሞተሩን አጥፍተህ፣ ኮፈኖውን ከፍተህ ፎቶ ማንሳት ነው። የተሰበረ፣ ያበጠ፣ የፈሰሰ ነገር ካለ ያሳይሃል። ሞተሩ እየሠራ መሀል ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ፎቶ ምን ያደርግልሃል? ኮምፒውተር ነው የሚሰካው። የአንጎል ኮምፒውተሩ ኢኢጂ ይባላል። እንደ ሚጣ ያለውን ለመለየት ሲቲ ስካን በአብዛኛው እንደማያስፈልግ የነገሩኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው። 1 ኮከብ፣ እሱም ቅጽ ስሞላ እስክሪብቶ ላዋሰችኝ ልጅ።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ እቆማለሁ፤ የወላጅ ወጥመድ እዚህ ነው ያለው። ከጓደኛዬ «ኢኢጂ አሠራ» የሚል ምክር አግኝቼ፣ ርካሽ ቦታ ፈልጌ ወሰድኳት። ማንም ስለ ዝግጅት አልነገረንም። ሚጣ ሹሩባ ተሠርታ፣ አማቴ ባለፈው ቅዳሜ ቅቤ ቀብተዋት ነው የሄድነው። ባለሙያው ገመዶቹን ቅቤው ላይ ለጠፈ። ይወድቃል፣ መልሶ ይለጥፋል፣ ይወድቃል። በ12 ደቂቃ ጨረሰ። «ተንፍሺ» አላላትም፣ ብርሃን አላበራላትም። ውጤቱ ኖርማል ሆነ። ወረቀቱን ያየው ሐኪም «ልጅቷ ጤነኛ ናት፣ ትኩረት ፈልጋ ነው» አለን።

ትኩረት ፈልጋ! ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ቃል ታምነን ተቀመጥን። ዜሮ ኮከብ መስጠት ስለማይቻል 1። ዛሬ የማውቀውን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ሁለት ነገር እጠይቅ ነበር። ስንት ደቂቃ ነው የምትመዘግቡት? ሦስት ደቂቃ በኃይል ታስተነፍሷታላችሁ ወይ? ተራ የሚባለው ኢኢጂ ራሱ ከ20 ደቂቃ ማነስ የለበትም። ደግሞም አንድ ኖርማል ኢኢጂ በሽታው የለም ማለት አይደለም። በዚያች ሰዓት ማሽኑ አልያዘውም ማለት ብቻ ነው።

መንገዱን ያዞረው ተሳፋሪ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ከጥቁር አንበሳ በር አንዲት ሲስተር አነሳሁ፣ ወደ ጎፋ። ደክሟታል፣ ጫማዋን አውልቃለች። ወሬ እንደ ዋዛ ተጀመረ። ስለ ሚጣ ነገርኳት። «ችግሩ ሐኪም ፊት አይመጣባትም፤ ጋራዥ ስትገባ ድምፁን እንደምታጠፋ መኪና ናት» አልኳት።

«ታዲያ ድምፁን ቀርጸህ ውሰዳ» አለችኝ።

እጄ መሪው ላይ ነው፣ ስልኬ ከፊቴ ፓራብሬዛው ሥር ተሰክቷል። ሰባት ዓመት ሙሉ ካርታ ሲያሳየኝ የኖረ ስልክ። አንድም ቀን ወደ ኋላ አዙሬው አላውቅም።

ሲስተር ጎፋ እስክንደርስ አስተማረችኝ። ፊቷንም እጇንም አንድ ላይ ያዝ። ስሟን ጥራት፣ ድምፅህ ይሰማ። ስትሄድ አንድ ቃል ንገራት፣ ብርቱካን በላት። ስትመለስ «ምን አልኩሽ?» ብለህ ጠይቃት። ስትጀምርና ስትጨርስ ሰዓቱን ተናገር። በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ጻፍ። ሒሳቡን አልቀበልም ብላት በግድ ሰጠችኝ። 5 ኮከብም ሰጥታኛለች። እኔ ለእሷ የምሰጥበት ቦታ አጣሁ፣ እነሆ እዚህ ሰጠሁ።

ለመቅረጽ ሦስት ቀን ፈጀብን። ካሜራ ሲደቀንባት ትስቃለች፣ ትጨፍራለች። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ያዝናት። 11 ሴኮንድ። «ብርቱካን» የሚለው የእናቷ ድምፅ ይሰማል። ስትመለስ «እማዬ ምን አለችሽ?» አልኳት። «ብዪ አለችኝ» አለች። እሱ ከፊቱ የተባለው ነው። ብርቱካን የለም።

ከዚያ ወደ ሕፃናት የነርቭ ሐኪም ሄድን። አገራችን ውስጥ በጣም ጥቂት ናቸው፣ ቀጠሮውም ሦስት ሳምንት ጠበቀን። የግል ክሊኒክ ነው፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚያዩት። ካርዱ 600 ብር። ዶክተሯ መጀመሪያ ያናገሩት እኔን አይደለም፣ እናቷንም አይደለም። ወንበራቸውን ወደ ሚጣ አስጠግተው «ታክሲ ትቆጥሪያለሽ አሉ። ላዳ ስንት ነው?» አሏት። ተራ ስንጠብቅ ያወራሁትን ነርሷ ሰምታ ነግራቸዋለች ማለት ነው። «ሁለት» አለች ሚጣ፣ እንደማንኛውም የታወቀ ሕግ።

ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። ስትነኳት ትመለሳለች? ስትጫወትም ይመጣባታል ወይስ ሲሰለቻት ብቻ? አረፍተ ነገር መሀል ላይ ይቆርጣታል? ስትመለስ ትደነግጣለች፣ ትተኛለች፣ ወይስ ካቆመችበት ትቀጥላለች? ያን ጊዜ ነው «አስራ ሁለት» ትዝ ያለኝ። በሐሳብ የሄደ ልጅ ትከሻውን ስትነካው ወይም አይስክሬም ስትለው ይመለሳል አሉ። ይሄኛው አይመለስም። ራሱ ይጀምራል፣ ራሱ ያቆማል።

ቀጥሎ ያደረጉትን እስከ ዛሬ ለተሳፋሪ ሁሉ እተርካለሁ። ከጠረጴዛቸው ላይ አንድ ሶፍት አነሱ። በሚጣ አፍንጫ ፊት አንጠለጠሉት። «ይሄ ወረቀት እንዳይቆም። እፍ፣ እፍ፣ እፍ እያልሽ አወዛውዢው። አባቢ ሰዓት ይይዛል» አሏት። ሚጣ ጀመረች። ሶፍቱ ይወዛወዛል። 30 ሴኮንድ። አንድ ደቂቃ። ፊቷ ቀላ። አንድ ደቂቃ ከ40 ላይ ሶፍቱ ቆመ።

ሶፍቱ ቆመ፣ ሽፋሽፍቷ ተርገበገበ። ዶክተሯ በጣም ቀስ ብለው «ሚጣ» አሉ። «ድመት» አሉ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ ሶፍቱ እንደገና ተወዛወዘ። ልጄ እፍ ማለቷን ቀጥላለች።

«ምን አልኩሽ?» «እፍ በይ።» «ድመት ስል ሰማሽ?» ሚጣ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ድመት ፈለገች።

እናቷ ወደ ውጭ ወጣች። እኔ የሶፍቱን ዋጋ አሰብኩ። ሲቲ ስካን 5,200፣ የመጀመሪያው ኢኢጂ 1,900፣ ሶፍቱ ነፃ። ቤታችሁ ግን እንዳትሞክሩት ብለውናል፤ ሐኪም ባለበት ነው። የቤት ሥራ ቪዲዮው ነው። 5 ኮከብ፣ ስድስተኛ ቢኖር ስድስት።

ዶክተሯ ኢኢጂውን ይድገሙ አሉ፣ የሚሠራበትንም ቦታ ጠቆሙን። ገንዘብ ካጠራችሁ በጥቁር አንበሳም የሕፃናት ነርቭ ክሊኒክ አለ አሉ። እኔ እንደምንም ከፈልኩ፣ 3,100 ብር። ይህኛው ቦታ ከሦስት ቀን በፊት ደውሎ ዝግጅቱን ነገረን። ሹሩባው ይፈታ። ጸጉሯ በሻምፑ ይታጠብ፣ ቅቤም ቅባትም አይነካው። ሌሊቱን ጥቂት ብቻ ትተኛ። ቁርሷን ትብላ።

ሹሩባ መፍታት አንድ ምሽት ሙሉ ነው። አማቴ እየፈቱ «ኤሌክትሪክ ሊሰዱባት ነው እንዴ?» አሉ። አይ እማማ፣ ማሽኑ ከእሷ ያነባል እንጂ ምንም አይሰድም አልኳቸው። አላመኑኝም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሚጣን ቀሰቀስናት፣ እንዳትተኛ ደግሞ በቪትዟ ከተማ አዞርኳት። ሜክሲኮ፣ ቸርችል ጎዳና፣ ፒያሳ። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም ብላ ተቆጣች። በቀጣዩ ቀን እኔ ሥራ አልወጣሁም። እንቅልፍ ያጣው እኔም ነኝ።

ባለሙያዋ ጭንቅላቷን እንደ ልብስ ሰፊ በሜትር ለካች፣ በቀለም ምልክት አደረገች። ከዚያ ትናንሽ የብረት ክብ ነገሮችን አንድ በአንድ በማጣበቂያ ለጠፈች፣ 21 ናቸው። ሚጣ ቆጠረቻቸው። አይጎዳም፤ ልጅቷ ቅር ያላት ማጣበቂያው ቀዝቃዛ መሆኑ ብቻ ነው። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ለመነሳት አስር ደቂቃ ፈጀበት፤ ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

ስንጠብቅ በስልኬ አነበብኩ። ይህን ነገር የጀመረው ሃንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። የሰው አንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። በራሱ ልጅም ላይ ሞክሮታል። ልጁ ሹሩባ እንዳልነበረው እገምታለሁ።

መብራቱ መጣ፣ ሚጣ እፍ ማለት ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች ነፋስ እንደሚነካው ጤፍ ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ በአንዴ፣ በሁሉም መስመር ላይ፣ ትልልቅ ሆኑ። አንድ ሹል፣ አንድ ሞገድ። አንድ ሹል፣ አንድ ሞገድ። እንደ ልብስ ስፌት መኪና የተስተካከለ። ባለሙያዋ በጣቷ ቆጠረችልኝ፣ በሴኮንድ ሦስት። 9 ሴኮንድ ሄደና ቀጥ ብሎ ቆመ። ጤፉ ተመለሰ። ለወራት በስፖኪዮ ሳየው የኖርኩትን ነገር ከውስጥ አየሁት። 4 ተኩል ኮከብ።

ስሙ ቻይልድሁድ አብሰንስ ኤፒለፕሲ ነው። ዶክተሯ በአማርኛ ሲሉት ነው ወንበር የፈለግኩት። «የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው» አሉ።

«ዶክተር፣ ልጄ ወድቃ አታውቅም እኮ!»

«አዎ» አሉ፣ «ይሄኛው አይጥልም።»

እስቲ አስቡት። ስሙ ራሱ ነው ያታለለን። እኛ አገር የሚጥል በሽታ ሲባል የምናውቀው መሬት ላይ የወደቀ፣ አረፋ የደፈቀ፣ ሰው ከብቦት ክብሪት የሚጫርለትን ነው። ቁጭ ብሎ፣ ማንኪያ ይዞ፣ ቁጥር እየቆጠረ የሚመጣ ዓይነት አለ ብሎ የነገረን የለም። በብዛት ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። በቀን አስርም፣ ሃምሳም፣ ከዚያም በላይ ሊመጣ ይችላል። ልጁ አይወድቅም፣ አያለቅስም፣ ስለማያውቀውም አይናገርም። የሚያውቀው ቲቸሩ ሰነፍ እንዳለችው ነው። ወይም ጆሮው እንደተቆነጠጠ።

መድኃኒቱ። ለዚህ ዓይነት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመረጠው ኤቶሱክሲማይድ ይባላል አሉ። ዞርኩ። ሜክሲኮ፣ ስታዲየም፣ ቦሌ፣ ጎተራ፤ የሄድኩባቸው ፋርማሲዎች ሁሉ የለም አሉኝ። አንዱማ ስሙን ሲሰማ «ይሄ የእንስሳ ነው?» ብሎኛል። 1 ኮከብ። ተመልሼ ሄድኩ፣ ዶክተሯም ሶዲየም ቫልፕሮኤት አዘዙ። አሜሪካ ውስጥ 453 ልጆች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አለ አሉኝ። መሄዱን በማቆም ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ ቫልፕሮኤት ግን ለአንዳንዱ ልጅ ትኩረቱን ይነካል። ስለዚህ እንከታተላለን አሉ። ጉበቷንና ክብደቷን ጨምሮ። ሴት ልጅ ስለሆነች ደግሞ ከፍ ስትል ይህን መድኃኒት እንደገና እንነጋገርበታለን አሉ፣ በእርግዝና ጊዜ ፅንስ ስለሚጎዳ። የ7 ዓመት ልጅ ይዤ ስለ እርግዝና መስማት ግራ ገባኝ። ቆይቶ ግን ወደድኳቸው። ሩቅ የሚያይ ሹፌር ፍሬን ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው።

ጎረቤታችን በዚህ መሀል «የእኔም ልጅ የሚጥል ነበረበት» ብለው የተረፈ ካርባማዜፒን ይዘው መጡ። ቅን ሰው ናቸው፣ አመሰገንኳቸው። አልሰጠናትም። ዶክተሯን ስጠይቅ እሱ ለሌላ ዓይነት ጥሩ ነው፣ ይሄኛውን ግን ሊያባብሰው ይችላል አሉ። ኮፈኖው አንድ ስለሆነ ብቻ የአንዱን ካንዴላ ለሌላው አትገጥምም።

የቫልፕሮኤቱን ሽሮፕ ያገኘሁት ሰፈር ውስጥ ካለች ጠባብ ፋርማሲ ነው። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት። «በማንኪያ እንዳትሰጧት» አለች። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አወጣች፣ ልኩ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረች፣ እላዩ ላይ ፕላስተር ለጠፈችበት እንዳይለቅ። ጠዋትና ማታ የሚል ወረቀት በአማርኛ ጻፈች፣ ለአማቴ ብላ በትልቁ። «ሲሻላት እንዳታቆሙ፣ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው» አለች። የሠራችው የአራት ደቂቃ ሥራ ነው። 5 ኮከብ።

ስለ ጸበል ትጠይቁኛላችሁ። ጸበል ላይ ኮከብ አይሰጥም። አማቴ ወስደዋታል፣ እኔም አድርሻቸዋለሁ። አንድ ሰው እዚያ «መድኃኒትና ጸበል አብሮ አይሄድም» ሲላቸው ሽሮፑን ሊደብቁት ነበር። የነፍስ አባታችን ናቸው ያስቆሟቸው። «ጸበሉንም ትጠጣ፣ መድኃኒቱንም ትውሰድ» አሉ። አሁን ሲሪንጁን በሰዓቱ የሚሞሉት አማቴ ናቸው፣ አማትበው።

ቲቸሯን ላመሰግናት ሄድኩ። አፍራ ነበር፤ «ይምከሯት» ብላ በመጻፏ። እኔ ደግሞ ከእሷ በላይ አፍሬያለሁ። መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት እኮ! በዚያው ደብተር ላይ በየቀኑ ቁጥር መጻፍ ጀመረች። ሰኞ 9። ማክሰኞ 7። መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ሲጨመር፣ 4፣ 4፣ 2። አንድ ዓርብ ዜሮ ጽፋ አጠገቡ ፀሐይ ሳለች። ዶክተሯ ያንን ደብተር ከኢኢጂው ወረቀት እኩል ነው የገለበጡት። ለቲቸር 4 ተኩል። ግማሹን የያዝኩት ፀሐይዋ ሰማያዊ ስለነበረች ነው።

ቤታችን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። በረንዳው ላይ ሽቦ አሠራሁ። መታጠቢያ ቤት ከውስጥ አትቆልፍም። ዋና ብቻዋን የለም፣ አስፋልት ብቻዋን መሻገር የለም። 10 ሴኮንድ ቤት ውስጥ ምንም አይደለም። የጀሞ መንገድ ላይ ግን ስንት ሲኖ ትራክ እንደሚያልፍ እኔ አውቃለሁ። ዶክተሯ ትልቁ ዓይነት፣ የሚጥለው፣ አንድ ቀን ቢመጣም ምን እንደምናደርግ አስተምረውናል። በጎን ማስተኛት፣ አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አለማስገባት፣ አለመያዝ፣ ክብሪት አለመጫር፣ ሰዓት ማየት። 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ። የቀይ መስቀሉ 907 ነው፣ ስልኬ ላይ ከላይ ነው ያለው። አማቴ ክብሪቱ ላይ ተከራክረው ተሸነፉ።

ይተዋታል ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። ብዙዎቹን ወደ ጉርምስና ሲጠጉ ይተዋቸዋል አሉ ዶክተሯ፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳትሄድ ከቆየች መድኃኒቱን ቀስ ብሎ መቀነስ ይታሰባል። አሁን ሦስተኛ ወራችን ነው። ሆዷ ተከፍቷል፣ እንጀራ አንሶናል። ትንሽ ትነጫነጫለች።

ትናንት ጠዋት ከጀሞ ስንወጣ እኔም በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። ልማድ ሆኖብኛል፣ በእሷ ቁጥርና በእኔ ቁጥር መሀል ያለው ልዩነት ነው የሚነግረኝ። ለቡ ስንደርስ እኔ 38 አለኝ።

«ስንት ሆነ?» አልኳት።

«አርባ።»

ሆዴ ባዶ ሆነ። በስፖኪዮ አየኋት፣ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው።

«አባቢ» አለች፣ «ማደያው ውስጥ የቆመውን ላዳ አላየኸውም አይደል?»